ለዓይን ሞራ ከመክፈላችን በፊት



ንግግሬን ከአንድ የቡና ስኒ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመድ ጥየቃ ገጠር ሄጄ አንዲት ባልቴት ቤት ቡና ተጠራሁ። ረከቦቱ ቀርቧል፣ ጀበናው ከእሳት ወርዷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። እመቤቲቱ ስኒዎቹን ደርድረው መቅዳት ሲጀምሩ የግራ እጃቸውን ሌባ ጣት ወደ ስኒው ውስጥ ትንሽ አስገቡ። ትኩሱ ቡና ጣታቸውን ሲነካው ጀበናውን ቀና አደረጉ። ወደሚቀጥለው ስኒ አለፉ፤ አሁንም ጣታቸው ቀደመ። ስድስት ስኒ ሞላ፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ጎረቤቱ ሁሉ አቀዳዳቸውን ያመሰግናል። እኔ ግን ጣቱን አየሁት። ጫፉ በቃጠሎ ብዛት ጠንክሮ ጠቁሯል። እማማ ስኒውን አያዩትም ነበር።

ቀና ሲሉ ከበሩ በሚገባው ብርሃን የሁለቱም ዓይኖቻቸው ብሌን ነጥቶ አየሁ። አጠገባቸው የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ተቀምጣለች። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። የእሷ ሥራ አያቷን ወደ ደጅ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ለቅሶ ቤት እጃቸውን ይዛ መምራት ነው። ልመለስ ስል ልጃቸው እስከ መኪናው ሸኝቶኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ ‹‹ዶክተር፣ ስንት ያስወጣናል?››

ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የምውልበት የሥራ ቀን የለም። ለብዙ ዓመታት የመለስኩት ግን ግማሹን ብቻ ነበር። ካርድ ይህን ያህል፣ ምርመራ ይህን ያህል፣ ቀዶ ሕክምናው ይህን ያህል ብዬ ደምሬ እነግር ነበር። ጠያቂው አመስግኖ ይሄዳል፤ ብዙው አይመለስም። ሰዎቹ በልባቸው የሚያሰሉት ሂሳብና እኔ የምነግራቸው ሂሳብ የተለያዩ መሆናቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ እናስላቸው። የኔን አቋም ግን ከወዲሁ ልናገር፦ በዓይን ሞራ ጉዳይ ከሁሉ የሚወደደው መዘግየት ነው። በዋጋው ዝቅ ያለው ቀዶ ሕክምና ደግሞ፣ በሠለጠነ እጅ እስከተሠራ ድረስ፣ ለአብዛኛው ሰው ከውዱ የማያንስ ብርሃን ይሰጣል።

በቅድሚያ ሞራ ስለምንለው ነገር። ስሙ ብዙዎቻችንን አሳስቶናል። በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን እንደ ሻሽ ሸፍኖ የሚገኘውን ስስ ስብ ሞራ እንለዋለን። ስለዚህ የዓይን ሞራም ከዓይን ላይ የተነጠፈ፣ ተይዞ የሚገፈፍ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን ዓይን ላይ የተነጠፈ ምንም የለም። ከብሌኑ ኋላ ቅርጹ የምስር ፍሬ የመሰለ፣ ወርዱ አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ የተፈጥሮ ሌንስ አለ። የተሠራው በአብዛኛው ከውሃና ከፕሮቲን ሲሆን ጤነኛ ሳለ እንደ ጠራ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ወይም በስኳር ሕመም፣ በአደጋ፣ ለረጅም ጊዜ በተወሰደ የስቴሮይድ መድኃኒት ሳቢያ ይኸው ሌንስ ራሱ ይደፈርሳል። እንቁላል ሲጠበስ እንደ ውሃ ያሳይ የነበረው ክፍል እንዴት እንደሚነጣ ታውቃላችሁ፤ ነገሩ እንደዚያ ነው። የተጠበሰውን እንቁላል ወደ ጥሬነቱ መመለስ እንደማይቻል ሁሉ የደፈረሰውን ሌንስ የሚያጠራ ጠብታ፣ ቅጠል ወይም ኪኒን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ለእነዚህ የሚወጣ እያንዳንዱ ብር ከቀዶ ሕክምናው ላይ የተቀነሰ ብር ነው። ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ማስገባት።

ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆነው ሲገኙ፣ ከእነዚህ ግማሽ የሚሆኑት ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ነበር። ግማሹ ማለት ነው፤ በአንድ አጭር ቀዶ ሕክምና ሊመለስ በሚችል ምክንያት።

ሌላኛው ግማሽ ግን በሌላ ምክንያት መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ ከዋጋ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ‹‹ዓይኔ ውስጥ ከሞራው ሌላ ምን አለ?›› ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬው አይደለም። እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ አባቴ ዓይናቸው ሲደክም ሞራ ነው ተባሉ፤ እውነትም ሞራ ነበራቸው። ሁለት በሬዎች ተሸጡ። በአንድ የሕክምና ተቋም ቀዶው ተሠራ፣ ያኔ ውድ ነው የተባለው ሌንስ ገባላቸው። ፋሻው ሲነሳ አባቴ ከቀድሞው የተሻለ ምንም አላዩም። የዓይን ግፊታቸው አስቀድሞ አልተለካም ነበር። ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ግፊት ሕመም፣ የዓይናቸውን ነርቭ ቀስ በቀስ ገድሎት ኖሯል። ቀዶው በትክክል ተሠርቷል፤ መስኮቱ ተወለወለ፣ ከመስኮቱ ኋላ ያለው ቤት ግን ጨልሞ ቆይቷል። የሞተ የዓይን ነርቭ በማንኛውም ገንዘብ አይመለስም። ግፊቱ ቀድሞ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሌላኛው ዓይናቸው ሕክምና በጊዜ ይጀመር ነበር። በሬዎቹም በከንቱ ባልተሸጡ።

ስለዚህ ከቀዶ በፊት የዓይን ግፊት ይለካ። ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ከኋላ ያለውን ነርቭና ረቲና ማየት ከተቻለ ይታይ። ትራኮማ ባለበት አካባቢ የኖረ ሰው የዓይኑ ፊተኛ መስታወት ጠባሳ እንዳለው ይመርመር። የስኳር ሕመምተኛ የስኳሩ መጠን ይታወቅ። ሞራው በጣም ነጥቶ ኋላውን ማየት ካልተቻለ አልትራሳውንድ ያግዛል፤ እሱ በሌለበትም መብራት ከተለያየ አቅጣጫ እያበሩ ታካሚው የመጣበትን ማወቁን መጠየቅ ብዙ ይናገራል። ብርሃን ከየት እንደመጣ የሚለይ ዓይን ተስፋ አለው። ‹‹ካዩት ሁሉ ተነስተው ምን ያህል አያለሁ ብዬ ልጠብቅ?›› ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ይህን መጠየቅ መድፈር አይደለም፤ ሐኪሙ የመመለስ ግዴታ አለበት።

ወደ ጊዜው ልለፍ። ‹‹ሞራው እስኪበስል ይጠብቁ›› የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በቀድሞው ዘመን ሌንሱ ከነከረጢቱ ተጎትቶ ስለሚወጣና ምትክ ስለማይገባ ዓይኑ ጨርሶ ሳይጠፋ መንካት አያዋጣም ነበር። ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ የበሰለ ሞራ ጠንካራ ነው፤ ለማውጣት ይከብዳል፤ የጉዳት ዕድሉም ከፍ ይላል። ከልክ በላይ የቆየ ሞራ ዓይን ውስጥ ሊያብጥ ወይም ሊያፈስ፣ ግፊቱን ሽቅብ ሰድዶ በብርቱ ሕመምና መቅላት ዓይኑን ለዘለቄታው ሊያጠፋ ይችላል።

በሌላ በኩል ጭጋግ ገና መታየት ሲጀምር መሮጥም አያስፈልግም። መነጽር በመቀየር ዓመት ሁለት ዓመት መቆየት የሚችሉ አሉ። መመዘኛው ሥራ ነው። ሾፌሩ ማታ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ከበተነበት፣ ሸማኔው ድሩን መለየት ካቃተው፣ እናት ምስር ስትለቅም ጠጠሩ ካመለጣት፣ ደረጃ መውረድ ካስፈራ ጊዜው ደርሷል። ሁለቱም ዓይን ካስፈለገ በተለምዶ አንዱ ተሠርቶ መዳኑ ከታየ በኋላ ሁለተኛው ይከተላል።

ለሕፃናት ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ሕፃን ብሌኑ ነጭ ሆኖ ከታየ በሳምንታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። የልጅ አእምሮ ማየት የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ነው። ያ ዕድሜ በጨለማ ካለፈ፣ በኋላ ሞራው ቢወጣም አእምሮው የተላከለትን ምስል ማንበብ ያቅተዋል። እባካችሁ፣ ‹‹ሲያድግ ይለቀዋል›› የሚል ጎረቤት አትስሙ።

አሁን ሰዎች አብዝተው ወደሚጠይቁኝ ልምጣ፤ የትኛው ዓይነት ቀዶ? በአገራችን በብዛት የሚሠራው በትንሽ ቀዳዳ በእጅ የሚወጣበት ነው። ሐኪሙ በዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ ወደ 6 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ራሱን የሚዘጋ መተላለፊያ ሠርቶ የደፈረሰውን ሌንስ በሙሉ ያወጣና ምትኩን ያስገባል። ብዙውን ጊዜ ስፌት አያስፈልገውም። ሁለተኛው ፋኮ ይባላል። አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ኬልማን እ.ኤ.አ. በ1967 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ባነሰ ቀዳዳ በገባ ቀጭን መሣሪያ በድምፅ ሞገድ ሌንሱን አድቅቆ ይመጥጠዋል፤ ከዚያም ተጣጥፎ የሚገባ ሌንስ ይተከላል። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያገግማል። መሣሪያውና አላቂ ዕቃው ግን ውድ ነው።

ብዙ ሰው ፋኮን ‹‹በሌዘር የሚሠራው›› ይለዋል። ሌዘር አይደለም፤ የድምፅ ሞገድ ነው። የቀዶውን ጥቂት ደረጃዎች በእውነተኛ ሌዘር የሚሠራ መሣሪያ በሀብታም አገሮች አለ። በፈረንሳይ አምስት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ተነጻጽሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታተም፣ ከተራው ፋኮ ያልበለጠ፣ ወጪው ግን የበዛ ሆኖ ተገኘ። ሌዘር ስለሚል ቃል ብቻ ገንዘባችሁን አትጨምሩ።

በእጅ የሚሠራውና ፋኮ ሲወዳደሩስ? ለኛ አገር ከሁሉ የሚጠቅመው ማስረጃ ከኔፓል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ጥናት ሞራቸው የገፋ 108 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው በየሙያው በተካኑ ሐኪሞች ተሠሩ። ከስድስት ወር በኋላ ያለ መነጽር ደህና የሚያዩት በእጅ ከተሠሩት ከመቶ 89፣ በፋኮ ከተሠሩት ከመቶ 85 ነበሩ። በመነጽር ሲታገዙ ሁለቱም ወገን ከመቶ 98 ደረሱ። በእጅ የሚሠራው በአማካይ 9 ደቂቃ ሲፈጅ ፋኮው 15 ደቂቃ ተኩል ወሰደ። ልብ በሉ፤ እነዚያ ታካሚዎች እንደኛዎቹ ሞራቸው የጠነከረ ነበር። ሞራው ለስላሳ ሳለ በጊዜ ለመጣ ሰው ፋኮ ጥሩ ምርጫ ነው፤ አቅሙ ላለው አልከለክልም። ጠንክሮ ለቡናማነት ለደረሰ ሞራ ግን ፋኮ ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ የዓይኑን ፊተኛ መስታወት ሊጎዳው ይችላል፤ እዚያ ላይ በእጅ የሚሠራውን እመርጣለሁ። ለእናቴም ቢሆን።

ስለ ሌንሱ ደግሞ አጭር ታሪክ ልንገራችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ የተዋጊ አውሮፕላን ሽፋን ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ያ ጠንካራ ፕላስቲክ ዓይኑን ሳያስቆጣ ለዓመታት እንደሚቀመጥ አስተዋለ። ከዚያም በኅዳር 1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ከዚሁ ፕላስቲክ የተሠራውን ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። ሐሳቡ ተቀባይነት እስኪያገኝ ብዙ ዓመታት ፈጀ፤ ሲያገኝም አንዱ ሌንስ ከ100 ዶላር በላይ ስለሚሸጥ ድሃው ዘንድ አልደረሰም። ይህን የቀየሩት ድሃ አገሮች ራሳቸው ናቸው። በደቡብ ሕንድ ማዱራይ፣ ዶክተር ቬንካታስዋሚ እ.ኤ.አ. በ1976 በ11 አልጋ የጀመሩት የአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል በ1992 የራሱን የሌንስ ፋብሪካ አቋቋመ። በካትማንዱ ዶክተር ሳንዱክ ሩይት፣ በጎረቤታችን አስመራ ደግሞ በአውስትራሊያዊው ሐኪም ፍሬድ ሆሎውስ ስም የተቋቋመው ድርጅት፣ የሌንስ ማምረቻ ከፈቱ። ዋጋው ወደ ጥቂት ዶላሮች ወረደ። ዛሬ በመንግሥት ሆስፒታል ርካሽ ሌንስ ገባልኝ ብሎ የሚሰጋ ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቅ እወዳለሁ። ርካሽ የሆነው ጥራቱ ወርዶ ሳይሆን ሰዎች ታግለው ስላረከሱት ነው።

ከሌንሱ ዋጋ ይልቅ የሌንሱ ቁጥር ይበልጣል። እንደ መነጽር ሁሉ ሰው ሠራሽ ሌንስም ለየዓይኑ የሚለካ ኃይል አለው። ልኬቱ ባዮሜትሪ ይባላል፤ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሳይለካ በግምት የገባ ውድ ሌንስ በልክ ከገባ ርካሽ ሌንስ ያነሰ ያሳያል። ተራው ሌንስ የሚያጠራው አንድ ርቀት ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ሩቁ እንዲጠራለት ይመርጣል፤ ለማንበብ ግን መነጽር ያስፈልገዋል። ይህ ምርጫ የእናንተ ነው። አንድ ዳዊት የሚደግሙ አዛውንት ቄስ ‹‹ሩቁን ምን አደርገዋለሁ፤ ፊደሉን ስጠኝ›› ብለውኝ ቅርቡ እንዲጠራ አድርገን ሌንሱን መረጥን። ለገበሬ ወይም ለሾፌር እንዲህ አላደርግም። ሩቅና ቅርብን አንድ ላይ እናሳያለን የሚሉት ባለብዙ ርቀት ሌንሶች ከመነጽር ሊያላቅቁ ይችላሉ፤ ነገር ግን ማታ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ያሳያሉ፤ የጥራት መደብዘዝም አላቸው። የነርቭ ወይም የረቲና ሕመም ላለበት አልመክራቸውም። ቤት ለመሸጥ የሚያበቁም አይደሉም።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ። የዚያች የገጠር እናት ልጅ ሲጠይቀኝ መኪናው ላይ ወረቀት ዘርግቼ እየጠየቅኩ ጻፍኩ። ለሕክምናው ያሰበው ገንዘብ ከወረቀቱ ግማሹን እንኳ አልሞላም። ለሁለት ሰው የደርሶ መልስ አውቶቡስ አለ፤ ለአንድ ጉዞ አይደለም፣ ለምርመራ፣ ለቀዶና ለክትትል ሦስት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ማደሪያ አለ። ምግብ አለ። አስታማሚው ከእርሻ የሚጎድልበት ቀን አለ፤ በእርሻ ወቅት የአንድ ሳምንት ሥራ የአንድ ማሳ ዋጋ ነው። ዓመት ቀደም ብሎ በወረዳው ከተማ የነጻ ሕክምና ዘመቻ ተደርጎ ነበር። ለምን አልሄዳችሁም አልኩት። ‹‹ኅዳር ነበር፤ ጤፉ ደርሶ ማን ይውሰዳቸው›› አለኝ። ያን ጊዜ ነጻ የሚባለው ነገር ለገበሬ ነጻ እንዳልሆነ በደንብ ገባኝ።

ወረቀቱን ገለበጥኩና በጀርባው ሌላ ሂሳብ ጀመርን፤ ባይሠሩስ? ልጅቷ አንደኛ ክፍል ሳትገባ ሦስት ዓመት አልፏል። እናቱ ይፈትሉት የነበረው ጥጥ ቆሟል። ምራታቸው ገበያ መሄድ ትታለች። ባለፈው ክረምት ወድቀው የእጃቸው አጥንት ተሰብሮ ለወጌሻ ተከፍሏል። ለዓይን የተባለ ቅጠል ሁለት ጊዜ ተገዝቷል። የወረቀቱ ጀርባ ከፊቱ ቀድሞ ሞላ። ሰውዬው ዝም ብሎ ሲያየው ቆየ። በኬንያ፣ በባንግላዴሽና በፊሊፒንስ የተካሄዱ ጥናቶችም ይህንኑ በሰፊው አሳይተዋል፤ የሞራ ቀዶ ከተደረገ በኋላ ሰዎቹ ወደ ሥራ ይመለሳሉ፣ የቤተሰቡም ኑሮ ከፍ ይላል።

አማራጮቹን በአጭሩ እንያቸው። የመንግሥት ሆስፒታል ክፍያው ዝቅተኛ ነው፤ ወረፋው ግን ረጅም ሊሆን ይችላል። ዳግማዊ ምኒልክን፣ ጎንደርንና ጅማን የመሳሰሉት የዓይን ሐኪሞች የሚሠለጥኑባቸው ናቸው፤ ተማሪ ቢነካኝስ ብላችሁ አትሽሹ፣ ከተማሪው አጠገብ መምህሩ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ተስፋፍቷል። አባል የሆነ ቤተሰብ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ሳያጽፍ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ቢሄድ ችግር ይገጥመዋል፤ ስለዚህ ወረቀቱን በሥርዓቱ ያጽፍ፣ መታወቂያውን ያሳድስ። መድኑ መነጽርን እንደማይሸፍን አውቆ ለእሱ ትንሽ ያስቀምጥ።

ዘመቻ ደግሞ ለብዙ ሺህ ሰው ብርሃን መልሷል። በአንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር ብላችሁ ጠይቁ፦ ቡድኑ ከሄደ በኋላ ዓይኔ ቢታመም ማን ያየኛል? መልሱ የአንድ ሆስፒታል ስምና የአንድ ቀጠሮ ቀን መሆን አለበት፤ እሱን ሳታገኙ አትነሱ።

በግል ሕክምና ቤት ወረፋው አጭር ነው፤ የሐኪምና የሌንስ ምርጫም ሰፊ ነው። ሌንሱም ሆነ በቀዶው ጊዜ ዓይን ውስጥ የሚገባው ዝልግልግ ፈሳሽ ከውጭ በዶላር የሚገባ ስለሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው ከወር ወር ይለያያል። የነገሯችሁ ዋጋ ልኬቱን፣ ሌንሱን፣ የኋላ ጠብታውንና ክትትሉን አጠቃሎ መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ለተራ የዕድሜ ሞራ ባንኮክ ወይም ሕንድ ድረስ መሄድን ግን አልደግፍም። ቀዶው ደቂቃዎች የሚወስድ ነው፤ ክትትሉ ሳምንታት። ሐኪማችሁ ባሕር ማዶ ቀርቶ ዓይናችሁ አዲስ አበባ ላይ ቢቀላ ምን ይጠቅማችኋል?

ውጭ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ‹‹እናቴን ወደዚህ ላምጣትና ላሳክማት›› ይሉኛል። ፍቅራቸው ይገባኛል። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት ጤና መድን ያለው አረጋዊ ተራው ሌንስና ከቀዶው በኋላ አንድ መነጽር ይሸፈንለታል፤ ከዓመታዊው መነሻ ክፍያ በኋላ ከመቶ 20ውን ራሱ ይከፍላል፤ የባለብዙ ርቀት ሌንስ ልዩነት ከኪሱ ነው። በዚያ አገር ሠርተው ግብር ያልከፈሉ አዲስ ገቢ ወላጅ ግን፣ ግሪን ካርድ ቢኖራቸውም፣ አምስት ዓመት ሳይኖሩ ሜዲኬር መግዛት አይችሉም። በእነዚህ ዓመታት ሞራው ይገፋል። ከመሄዳቸው በፊት እዚሁ ቢሠሩ ይሻላል። የምትልኩትንም ገንዘብ ለውዱ ሌንስ ከምታደርጉት ለአስታማሚው መጓጓዣና ለክትትል ቀጠሮው አድርጉት።

ስለ አደጋውም ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። ቀዶው ከታወቁት ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ አስተማማኝ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሆኖም የሌንሱ ከረጢት ሊቀደድ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ዓይን ውስጥ ብርቱ ኢንፌክሽን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የአውሮፓ ጥናት በቀዶው መጨረሻ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ ፀረ ተሕዋስያን መርፌ ይህን አደጋ በአምስት እጅ ገደማ ቀንሶታል፤ ይሰጣችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ደህና ሲያይ የነበረ ዓይን ከቀናት በኋላ ሕመሙ ከጨመረ፣ ከቀላና ዕይታው ከቀነሰ በዚያው ቀን ተመለሱ፤ ነገ አይባልም። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ስግደትም ከባድ ሸክምም ይቅር፤ ዓይን አይታሽ፤ ጸበል የሚጠመቁም ቁስሉ እስኪድን ውሃው ዓይን እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ዕይታ ቢደበዝዝ ‹‹ሞራው ተመለሰ›› ይባላል። አልተመለሰም፤ ሌንሱ የተቀመጠበት ከረጢት ጀርባ ደብዝዞ ነው። እሱን መክፈት ያለ ቁስል በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ እውነተኛው ሌዘር የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ልቤን የሚያሳዝነው ይህ ስለሆነ ነው። በብዙ አገሮች ሴቶች ከወንዶች ያነሰ የሞራ ቀዶ ያገኛሉ፤ የኛም ክሊኒክ በር ላይ ይህ ይታያል። አባት ሲታመሙ በሬ ይሸጣል፤ እናት ሲታመሙ ‹‹አርጅተዋል፣ ቤት ነው የሚውሉት›› ይባላል። እነሱም ራሳቸው ‹‹እኔን ተውኝ፣ ለልጆቹ ይሁን›› ይላሉ። ይህን ቃላቸውን አትቀበሏቸው።

ያች የቡናዋ እናት በመጋቢት ወር በመንግሥት ሆስፒታል በእጅ በሚሠራው ዘዴ፣ በማደንዘዣ መርፌ፣ ተራው ሌንስ ገባላቸው። ፋሻውን በማግስቱ ያነሳሁላቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያዩት እኔን ወይም ልጃቸውን አልነበረም። የግራ እጃቸውን አንስተው ሌባ ጣታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። በቀጣዩ መስከረም ልጅቷ አንደኛ ክፍል ገባች።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የእናታችሁን እጅ ተመልከቱ። ስኒ ስታነሳ ጣቷ ከዓይኗ ከቀደመ፣ ገንዘብ ስትቆጥር ብሩን ወደ ደጃፍ ብርሃን ካወጣች፣ በዚህ ሳምንት ወደ አቅራቢያችሁ የዓይን ክፍል ይዛችኋት ሂዱ። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ፣ የጤና መድን መታወቂያዋን ጨምራችሁ፣ ‹‹ግፊቷን ለኩልኝ፣ ከሞራው ሌላ ምን እንዳለ ንገሩኝ›› በሉ።